ከዋናው ቤት ጀርባ

እህቴ ፎቶውን የላከችልኝ በቴሌግራም ነው። እዚህ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ አዲስ አበባ ጠዋት። ግማሹ የፈረሰ የጭቃ ግድግዳ ይታያል። ምርጉ ረግፎ ማገሩ ወጥቷል፣ ቆርቆሮው ተነስቷል፣ ፀሐይ ገብታበት በማታውቀው ቦታ ገብታለች። ግድግዳው በጥላሸት ጠቁሯል። ከበሩ ጀርባ በሚሆነው ጥግ፣ ጭሱ ብዙም ያልደረሰበት ቦታ ላይ፣ በከሰል የተሰመሩ አጫጭር መስመሮች አሉ። አራት ቁም፣ አንድ አግድም። አራት ቁም፣ አንድ አግድም። ቆጠርኳቸው፤ ስልሳ ምናምን ላይ ጠፋብኝ። ከፎቶው ሥር እህቴ «ይሄ ምንድነው?» ብላ ጽፋለች። የሚያፈርሱት ልጆች መልስ እስክታገኝ አልጠበቁም። በማግስቱ ሌላ ፎቶ ላከች፤ ግድግዳው የለም።

ሰርቪሱ እንዲፈርስ ከተስማሙት አንዷ እኔ ነኝ። አያታችን ካረፉ በኋላ ግቢው ለልጅ ልጆች ደረሰ፣ ወንድሜ ቤተሰቡ ሰፍቷል፣ ከጀርባ ሁለት ክፍል በብሎኬት ቢሠራ ይሻላል ተባለ። በስልክ ተሰበሰብን። እኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ «ያ እንኳ ይፍረስ፣ ምን ይሠራል» አልኩ። ቃል በቃል እንደዚያ ነው ያልኩት። ዋናውን ቤት ግን እንዳይነኩት ለመንኩ። የአያታችን ሳሎን፣ የእንጨት ወለሉ፣ ፎቶዎቹ የተሰቀሉበት ግድግዳ። «እሱ ታሪክ ነው» አልኩ።

አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ያደገ ሰው ሰርቪስ ምን እንደሆነ ይነገረኝ አይልም። ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ከአጥሩ ጋር ተጣብቆ፣ ከባህር ዛፍ እንጨትና ከጭቃ የሚሠራ ረድፍ ነው። አንዱ ክፍል ማድ ቤት፣ አንዱ ዕቃ ቤት፣ አንዱ ሠራተኛ የምታድርበት። የኛን ሰርቪስ የኖረችበት እታለም ናት። እታለም የምንላት እኛ ልጆቹ ነን፤ ክርስትና ስሟንም የአባቷንም ስም አላውቅም ነበር። አያቴ ቤት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርታለች። እኔን በጀርባዋ አዝላኛለች። በእናቴ ዕድሜ ሆና ሁላችንም፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳይቀር፣ «አንቺ» ነበር የምንላት። ይህን ስጽፍ እንኳ «እሷ» እያልኩ መሆኔን አስተውሉልኝ። አያቴ «እሳቸው» ናቸው።

ፎቶው በመጣ በሳምንቱ ከአገር ቤት እንግዳ መጣብኝ። ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሰዎች የእንግዳ ሥርዓት አለን፤ ሊንከን ሐውልት፣ ዋይት ሐውስ ፊት ለፊት ፎቶ፣ ከዚያ ክትፎ። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየምን እጨምራለሁ። በ2016 መስከረም ወር የተከፈተው፣ የነሐስ ቀለም ያለው፣ ቅርጫት በቅርጫት ላይ የተደራረበ የሚመስለው ሕንፃ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በሊፍት ወደ ምድር ቤት ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምራችሁ በእግር እየወጣችሁ ትመጣላችሁ። እዚያ ታች፣ መካከል ላይ፣ አንድ የጣውላ ጎጆ ቆሟል።

ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ አልፌዋለሁ። ማለፍ ነው ያልኩት፤ አይቸዋለሁ አላልኩም።

ጎጆው የመጣው ከሳውዝ ካሮላይና ጠረፍ፣ ኤዲስቶ ከምትባል ደሴት፣ ፖይንት ኦፍ ፓይንስ ከተባለ የጥጥ እርሻ ነው። ሙዚየሙ በ1853 አካባቢ የተሠራ ነው ይላል። ከዋናው ቤት ራቅ ብለው በረድፍ ከተሠሩት የባሪያ ቤቶች አንዱ ነበር። ትንሽ ነው፤ ቤተሰብ ሙሉ የኖረበት ቦታ ከአንድ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ብዙም አይበልጥም። ጣውላው ተነባብሮ የተመታ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ በክፍተቱ ብርሃን የሚያሳልፍ። የሠራው ሰው ስም የለበትም፣ ጌጥ የለበትም፣ ማንም ታዋቂ ሰው አልተወለደበትም። በ2013 የደሴቲቱ የታሪክ ጥበቃ ማኅበር ለሙዚየሙ ሰጠ፤ ባለሙያዎች ጣውላ በጣውላ ፈትተው፣ እያንዳንዱን ምልክት አድርገውበት፣ በመኪና ጭነው አመጡት። ከዚያ እንደገና ገጠሙት።

እንግዳዬ አየት አደረገውና «ይሄን ነው እንዴ ጭነው ያመጡት? እኛ ሰፈር ሞልቶ የለ እንዴ!» አለኝ። ሳቅን። ከዚያ ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም እውነቱን ነው። እኛም ጋ ሞልቷል። እኔ ባለፈው ሳምንት አንዱን አስፈርሻለሁ።

ታዲያ ዋጋው ምንድነው? የምር ነው የምጠይቀው። ውብ አይደለም። ብርቅ የሆነ ጥበብ የለውም፤ እንጨትና ሚስማር ነው። የዚህ ዓይነት ቤት በሺህ የሚቆጠር ነበር፣ አሁንም በየገጠሩ ዘመም ብሎ የቆመ አለ። አንድ መንግሥት ወይም አንድ ቤተሰብ ይህን ለማቆየት ገንዘብና ቦታ የሚሰጠው በምን ምክንያት ነው?

ቶሎ የሚመጣው መልስ «መረጃ ነው» የሚል ነው። ቤቱ ስንት ሰው እንደኖረበት፣ ጣውላው በመጋዝ ይሁን በእጅ እንደተጠረበ፣ ምድጃው የት እንደነበር ያስተምረናል። እሺ። ግን ዛሬ መረጃ መሰብሰብ ቀላል ነው። በሌዘር ስካን ታደርጉታላችሁ፣ እያንዳንዷን ሚስማር ትለካላችሁ፣ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ከዚያ ጎጆውን ብታቃጥሉት ምን ጠፋ? የዋጋው ምንጭ መረጃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም አልጠፋም ማለት ነው። እኔም ፎቶው አለኝ። መስመሮቹን በስልኬ አጉልቼ ልቆጥራቸው እችላለሁ። ሆኖም እህቴ ሁለተኛውን ፎቶ ስትልክ ሆዴን አንድ ነገር አለኝ፤ መረጃ የጎደለበት ሰው ስሜት ግን አልነበረም።

ሌላው መልስ ዕድሜ ነው። አሎይስ ሪግል የተባለ የኦስትሪያ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ በ1903 ስለ ሐውልቶች አምልኮ በጻፈው ድርሰት፣ አንድ አሮጌ ነገር የሚሰጠንን ዋጋ በየዓይነቱ ይከፋፍለዋል። አንዱ የታሪክ ዋጋ ነው፤ ስለ አንድ ዘመን ይነግረናል። ሌላው የዕድሜ ዋጋ የሚለው ነው፤ ያረጀ መሆኑ ብቻ፣ ሻጋታው፣ ስንጥቁ፣ ጊዜ እንዳለፈበት ማየታችን። ለሁለተኛው ሊቅ መሆን አያስፈልግም፣ ማንም ሰው ይሰማዋል ይላል። ልክ ነው፣ እኔም ይሰማኛል። ግን አንድ ችግር አለው። ዕድሜ አይመርጥም። የጌታውም ቤት ያረጃል፣ የባሪያውም ቤት ያረጃል፤ ሁለቱም ላይ ስንጥቁ እኩል ያምራል። እንዲያውም ይህ ነው የሚያስፈራኝ። ያረጀ ጣውላ ደስ ይላል። ጎጆውን ለአፍታ ከስሙ ነጥላችሁ ብታዩት፣ ኢንስታግራም ላይ «የገጠር ሕይወት» ተብሎ የሚለጠፍ ዓይነት ነው። አሜሪካ ውስጥ እነዚህ እርሻዎች የሠርግ ቦታ ሆነው ለብዙ ዘመን ተከራይተዋል፤ ዋናው ቤት ከነዓምዶቹ ለፎቶ፣ የባሪያዎቹ ቤት ሲገኝ ደግሞ ተጠግኖ ለእንግዳ ማደሪያ። በ2019 ነው ፒንተረስትና አንዳንድ የሠርግ ድረ ገጾች እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ እናቆማለን ወይም እንገድባለን ያሉት። እንግዲህ ቤቱ ሳይፈርስም ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው።

ደግሞ የዕድሜ ነገር ሌላ ጣጣ አለበት። መቶ ዓመት ሰው የኖረበት የእንጨት ቤት ጣውላው ሲበሰብስ ይቀየራል፣ ቆርቆሮ ይለብሳል፣ በሩ ይቀየራል። ከነፃነት በኋላም ሰው ለአስርት ዓመታት ኖሮበታል። የትኛው ጣውላ ሲቀየር ነው «ያው ቤት» መሆኑ የሚያበቃው? ጃፓኖች በዚህ ጥያቄ ብዙም አይጨነቁም። ኢሴ የሚባለውን ትልቁን መቅደሳቸውን በየሃያ ዓመቱ በአዲስ እንጨት፣ ከአሮጌው ጎን፣ ከጥንቱ ሳያዛንፉ ይሠሩታል፣ አሮጌውን ያፈርሱታል። 62ኛውን የጨረሱት በ2013 ነው፤ ጎጆው ከኤዲስቶ በተነሳበት በዚያው ዓመት። እነሱ የሚጠብቁት እንጨቱን ሳይሆን እጁን ነው፤ የአናጺውን ሙያ። በ1994 ናራ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎችም አንድ ነገር «እውነተኛው ነው» የሚባልበት መለኪያ ከባህል ባህል እንደሚለያይ የሚቀበል ሰነድ አወጡ። ለኛ ይህ አዲስ አይደለም። የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክዳን ሣሩ በየጊዜው ሲቀየር «ቤተ ክርስቲያኑ ሌላ ሆነ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ግን የባሪያ ጎጆ እንደ ኢሴ በአዲስ እንጨት ቢሠራ ምን ትላላችሁ? አንድ ቅን ሰው ቢመጣና «በልኩ፣ በዓይነቱ፣ በአዲስ ጣውላ ሠርቼላችኋለሁ» ቢል? እኔ እንጃ፣ የሆነ ስድብ ይመስለኛል። መቅደሱ የሚታደሰው አምልኮው ስለቀጠለ ነው። ጎጆውን ያስገኘው ነገር ግን እንዲቀጥል ማንም አይፈልግም። ስለዚህ እዚህ ጋ የግድ ያ እንጨት፣ ያ ሰው የነካው እንጨት መሆን አለበት። ለምን እንደሆነ ለመናገር ወደ ኤዲስቶ መሄድ አለብኝ።

ኤዲስቶ ላይ ይመረት የነበረው በክሩ ርዝመትና ልስላሴ የታወቀ የደሴቶቹ ጥጥ ነበር። ባለቤቶቹ በዚህ እጅግ ከበሩ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ተነስቶ በ1861 ኅዳር ላይ የሰሜኑ ባሕር ኃይል ፖርት ሮያልን ሲይዝ የጠረፉ ደሴቶች ባለመሬቶች ቤታቸውን ጥለው ሸሹ። በ1865 ጥር ጄኔራል ሸርማን ትእዛዝ አወጣ፤ ከቻርልስተን ወደ ደቡብ ያሉት ደሴቶችና የጠረፉ መሬት ነፃ ለወጡ ቤተሰቦች ይከፋፈል፣ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 40 ኤከር። ሰዎቹ አመኑ። አረሱ። ለሆዳቸው የሚሆን ዘሩ። ጦርነቱ አለቀ፣ ሊንከን ተገደለ፣ ተተኪው አንድሩ ጆንሰን ለባለመሬቶቹ ምሕረት ሰጠና መሬቱ ይመለስላቸው አለ።

ይህን መርዶ ለኤዲስቶ ሰዎች እንዲነግር የተላከው ጄኔራል ኦሊቨር ሐዋርድ ነው። አንድ እጁን በጦርነቱ ያጣ ሰው ነው። በዋሽንግተን ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተሰየመው በእሱ ስም ነው፤ ከዩ ስትሪት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ትንሽ ወደ ላይ ስትሉ። በ1865 ጥቅምት አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰበሰባቸው። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሊናገር ሲል ጫጫታው አላናግር አለው፣ ከዚያ አንዲት ሴት የኀዘን መዝሙር አነሳች፣ ሕዝቡ ተቀበላት። ይህን የጻፈው ራሱ ሐዋርድ ነው። ከባለመሬቶቹ ጋር ታረቁ፣ ይቅር በሉ፣ በኪራይ ወይም በደመወዝ ሥሩላቸው አላቸው። እነሱም ኮሚቴ መርጠው ለእሱም ለፕሬዝዳንቱም ደብዳቤ ጻፉ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፤ ይቅር እንበል እሺ፣ ግን ዛፍ ላይ አስሮ የገረፈኝ ሰው፣ እናቴንና እህቴን የገረፈ ሰው፣ አሁንም መሬቱን ይዞ እኔን ባዶ እጄን ሊያስቀረኝ የሚፈልግ ሰው፣ በምን መልኩ ነው የምታረቀው? ነፃነት ያለ መሬት ምንድነው?

መሬቱ ለባለመሬቶቹ ተመለሰ። ብዙዎቹም ወደዚያው ጎጆ፣ አሁን «ነፃ» ሆነው።

እንግዲህ ጎጆው ሁለት ጊዜ ምስክር ነው። ደብዳቤ መጻፍ የቻሉት ጥቂቶች ናቸው። ሳውዝ ካሮላይና በ1834 ባሪያን ማንበብም መጻፍም ማስተማር የሚከለክል ሕግ ነበራት። የሕግ ቅጣት ነበረው። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች መጽሐፍ ያልተዉልን ስንፍና ይዟቸው አይደለም፤ ተከልክለው ነው። ጌታው መዝገብ ነበረው፣ የንብረት ዝርዝር ነበረው፤ እነሱ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ከበቅሎና ከማረሻ ጋር ተጽፈዋል። ከራሳቸው ወገን የቀረው ጣውላው፣ የደጃፉ እንጨት፣ የእጃቸው ቅባት ነው። ጎጆውን ማፍረስ ታዲያ አንድ ሰው በሕይወቱ የጻፋትን ብቸኛ ገጽ እንደ ማቃጠል ይቀርባል። በአዲስ እንጨት የተሠራው ስድብ የሚመስለኝም ለዚህ ነው፤ የሰውየውን ምስክርነት እኔ በራሴ ጽሑፍ ገልብጬ «ያው ነው» እንደ ማለት።

በ1964 ቬኒስ ላይ የወጣው የቅርስ ጥበቃ ቻርተር ሐውልት ማለት ትልልቅ የጥበብ ሥራ ብቻ እንዳልሆነ፣ ትሑት የሆኑ ነገሮችም በጊዜ ብዛት ትርጉም ሲያገኙ ቅርስ እንደሚሆኑ ይናገራል። ያው ቻርተር ደግሞ ቅርስን ከቆመበት ቦታ መለየት አይገባም ይላል፣ ለማዳን ሌላ መንገድ ከጠፋ በስተቀር። ጎጆው ከደሴቱ ተነቅሎ ዋሽንግተን በኤር ኮንዲሽን መቆሙ ያሳዝነኛል፤ ባሕሩ የለም፣ ትንኙ የለም፣ እርሻው የለም። ግን ብቻውን ቢቀር ይበሰብስ ነበር። ከሚበሰብስ ይነቀል እላለሁ። ጆሴፍ ማክጊል የሚባል የሳውዝ ካሮላይና ሰው ከ2010 ጀምሮ በየክፍለ ግዛቱ እየዞረ በቀሩት የባሪያ ቤቶች ውስጥ መሬት ላይ ያድራል። እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ግን አንድ ሰው አድሮበታል የተባለ ቤት ባለቤቱ እንደ ዕቃ ማስቀመጫ ሊያየው ይከብደዋል። እኔ ይሄ ከብዙ ቻርተር የበለጠ የሠራ ይመስለኛል።

ስለዚህ በዚያ ሳምንት የደረስኩበት ሐሳብ ይህ ነበር። ዋናውን ቤት ጠብቆ ሰርቪሱን ማፍረስ «ግማሹን ማዳን» አይደለም። ውሸት መናገር ነው። ዋናው ቤት ብቻውን ሲቆም «እዚህ የኖሩ ሰዎች እንዲህ ነበሩ» ይላል፤ እንጀራው ከየት እንደመጣ፣ ወለሉን ማን እንደወለወለው አይናገርም። ሙዚየሙ ውስጥ የጄፈርሰን ሐውልት አለ፤ ከኋላው የጡብ ክምር፣ ጡቦቹ ላይ እሱ በባርነት የያዛቸው ሰዎች ስም። ጄፈርሰንን ከዚያ ጡብ ነጥላችሁ ብታዩት የምታዩት ሌላ ሰው ነው።

ይህን እያሰብኩ አገሬ ገባሁ፤ በሐሳብ ማለቴ ነው። እኛ በድንጋይ እንኮራለን፤ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር። እንጨት ለኛ ለንጉሥም አልሆነም። አንኮበር ላይ የሸዋ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ከነበረበት ኮረብታ የቀረው የግድግዳ ቁራጭ ነው። የንጉሥ እንጨት እንዲህ ከሆነ የአሽከር እንጨት ማን ያስታውሰዋል? የምኒልክ ግብር ሲወራ ያላደግን ማን አለ? አዳራሹ፣ ሠራዊቱ፣ በየተራ የሚገባው ሰው ብዛት። እንጀራ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱስ? ያን ሁሉ እህል በድንጋይ የፈጨችው ሴት የት ነበር የምታድረው? ባርነት በአገራችን በሕግ ጭርሱን የቀረው በ1942 ነው፤ አያቴ ያኔ ተወልደዋል። የእታለም ኑሮ ባርነት ነበር እያልኩ አይደለም፤ ደመወዝ ነበራት፣ መሄድ ትችል ነበር፣ ሁለቱን ማምታታት ኤዲስቶ ላይ ለተገረፉትም ለእሷም ክብር አይሆንም። ግን ከዋናው ቤት ጀርባ ያለው ክፍል ከየት እንደመጣ፣ እኛ ልጆች «አንቺ» ማለትን ከማን እንደወረስን ማወቅ የኔ ፋንታ ነው።

ወንድሜ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «እሺ፣ ልጆቼ የት ይደሩ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። ከአሜሪካ ሆኖ «አታፍርሱ» ማለት ቀላል ነው። የሚያፈሰው በእኔ ራስ ላይ አይደለም። ሁለት ልጆች በአንድ አልጋ እየተኙ የጭቃ ግድግዳ ለትዝታ ይቁም ማለት ራሱ የጌታ ወግ ነው ቢባል አልከራከርም። ግን አንድ ነገር ጠየቅኩት፤ «ለምን ሳሎኑን ለሁለት አልከፈልከውም?» ዝም አለ። ሳሎኑ የአያታችን ነዋ። ለማፍረስ የቀለለንን አፈረስን።

ከዚያ ትልቋ አክስቴ ጋ ደወልኩ። መስመሮቹ ምን እንደሆኑ የምታውቅ እሷ ናት ብዬ። አክስቴ ፎቶውን አየች፣ የእንጀራ ቁጥር ይሆናል አለች፣ ከዚያ ደግሞ የዕቁብ ይሆናል አለች፣ ከዚያ «እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ራሷን አትጠይቂያትም?» አለችኝ።

«እታለም አለች እንዴ?»

«ምን ትሆናለች ታዲያ! እህቷ ልጅ ጋ ደብረ ብርሃን ናት። ለፋሲካ ደውላልኛለች።»

ይህን ሁሉ ሳምንት ስለ እሷ እንደ ሞተ ሰው ነበር የማስበው። ምስክር፣ ገጽ፣ ቅርስ እያልኩ። አንዴም «የት ናት» ብዬ አልጠየቅኩም።

ስልኩን ያነሳችው የእህቷ ልጅ ናት፣ አገናኘችን። «እንደምን አሉ፣ ደኅና ነዎት?» አልኩ። መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ አልገባትም፤ ሲገባት ሳቋ ያው የድሮው ሳቅ ነው። «ምን ሆነሻል ልጄ፣ እንደ ባዳ አንቱ የምትዪኝ? አንቺ በዪኝ እንጂ!» አለች። አልቻልኩም። አንድ ጊዜ «አንቺ»፣ አንድ ጊዜ «እርስዎ» እያልኩ ተንተባተብኩ። ስሟን ጠየቅኳት፣ ሙሉ ስሟን፣ ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ የሷ ነው፣ ፈቃድ አልጠየቅኩም።

ስለ መስመሮቹ ነገርኳት። አሰበች። «ከበሩ ጀርባ? ከሰል?» አላስታወሰችም። «እኔ እንጃ ልጄ፣ ስንት ነገር ይቆጠር ነበር» አለች። ከዚያ ቆይታ፣ «ቤቱ አለ እንዴ እስካሁን?» አለችኝ።

«አፈረስነው። ባለፈው ወር» አልኩ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ነበር።

«እሰይ! ደግ አደረጋችሁ። ሲያፈስ አልነበር እንዴ! ክረምት ክረምት ድስት ስደቅን ነው የማድረው።»

ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ እንደ በፊቱ ቀጥ ብሎ አልቆመልኝም። ቤቱ የእሷ ገጽ ነው ብዬ ነበር፤ እሷ ገጹን መጣል ከፈለገች እኔ ማን ነኝ? ምናልባት ኤዲስቶም ላይ ጎጆው ሲዘም አይተው እልል ያሉ ይኖራሉ። መከራውን የኖረ ሰው መከራው የኖረበትን ቤት ለማየት ዕዳ የለበትም። ይህን አምናለሁ። ግን እሷ «እሰይ» ማለቷ የኔን «ምን ይሠራል» ነፃ አያወጣውም። እሷ ያለችው ዝናቡን ታውቀዋለች፤ እኔ ስናገር ስለ ዝናቡ አላሰብኩም፣ ስለ እሷም አላሰብኩም። አንድ ግድግዳ ነው የፈረሰው፤ ሁለት የተለያየ ነገር ነው ያደረግነው። እሷ በሠራችበት ሃያ ዓመት ውስጥ ቆርቆሮውን ሊቀይርላት ያሰበ ሰው ግን አልነበረም፤ ይሄ ከመጠበቅም ከማፍረስም በፊት የሚመጣ ጥያቄ ነው፣ እኔም አንዴ አላነሳሁትም።

ልንሰናበት ስንል «ጤና አዳሟስ?» አለችኝ።

«የቷ?»

«ከበሬ አጠገብ የተከልኳት ናታ። ለቡና የምትቀነጥሱልኝ። እሷን እንኳ አልነካችኋትም አይደል?»

ትዝ አለኝ። ቅጠሏን እያሸን እጃችንን እናሸት ነበር። አጣርቼ እደውላለሁ አልኳት። ለወንድሜ ጻፍኩለት። ከሁለት ቀን በኋላ ፎቶ ላከልኝ፤ አዲሱ በረንዳ ነው፣ ሲሚንቶው ገና አልደረቀም፣ አንዱ ልጁ በእጁ ዳበስ አድርጎበታል።

እስካሁን መልሼ አልደወልኩላትም።